በአምስተኛ ቤት ይገናኛሉ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምቆጥረው ዘር ነው። እዚህ መካነ ሰላም ዙሪያ ልጁን ሊድር ያሰበ ክርስቲያን መጀመሪያ እኔ ቤት ይመጣና፣ ሙሽራውና ሙሽሪት እስከ ሰባት ቤት ድረስ በዘር ይገናኙ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ከእናቴ ነው የያዝኩት። የማን ልጅ፣ የማን እህት፣ ከየት አገር ተድራ መጣች፣ ስንት ወለደች፣ ስንቱ አደገላት፣ አንዴ ከሰማሁ አይጠፋኝም ነበረ።

ይኸን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። ደሴ ኮምፒውተር ተምራ መጥታ እኔው ዘንድ ተቀመጠች። ቀን ቢሮ ትገባለች፤ ስትመለስ ደግሞ ላፕቶፗ ላይ ትደፋለች። ያንን ዌብሳይት ያመጣችብን እሷ ናት። አይ፣ በእሷ ብቻ አልፈርድም፤ ሁለታችን ነን።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ድሮ ሰው የሚጋባው ከጎረቤት ቀበሌ ነበረ። አሁን ልጆቹ አዲስ አበባ ይገናኛሉ፣ ዓረብ አገር ይገናኛሉ፣ ሁሉን ጨራርሰው ሲያበቁ "እማማ፣ እስቲ ይቁጠሩልን" ብለው ይደውሉልኛል። አንድ ቀን እንዲሁ ከሳውዲ ለደወለች ልጅ ስቆጥር፣ አራተኛው ቤት ላይ ስደርስ ስሙ ጠፋኝ። ጠፋኝ፣ በቃ። ልጅቱ "ሃሎ? ሃሎ?" ትላለች፤ እኔ ስልኩን ይዤ ግድግዳ አያለሁ። ኋላ መጣልኝ፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አላረፈም። እኔ ብረሳ እኮ ሰው ዘመዱን ሊያገባ ነው።

የልጅ ልጄ "አብሽሪ እምዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እናስቀምጠዋለን" አለችኝ።

ሁለት ክረምት ፈጀብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። መጀመሪያ ሰሞን ተጣላን። እኔ ሰው ስቆጥር ታሪኩንም አብሬ ነው የማመጣው።

"እምዬ፣ አንድ ሰው፤ አባቱ፤ እናቱ፤ በቃ። በቅሎው ምን ሆነች አላልኩሽም።"

"ሰው እንዲህ ተደርጎ ነው እንዴ የሚነገር? ያለ በቅሎው ያንን ሰውዬ ማን ያውቀዋል?"

"ኮምፒውተሩ ያውቀዋል።"

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ ሰጠችው። በረድፉ ላይ አንድ የአባት ቦታ፣ አንድ የእናት ቦታ አለ። ጠያቂው ስልኩን ይከፍትና የሙሽራውንም የሙሽሪትንም ስም ያስገባል፤ አንዷን ቦታ ሲነካ መልሱ ይመጣል። መልሱ ወይ "አይገናኙም" ነው፣ ወይ ደግሞ "በዚህኛው ቤት ይገናኛሉ" ነው። ሌላ አያውቅም።

የእሷን ሥራ ቁጭ ብዬ ሳይ ዋልኩ። እኔ የዚህን ዓይነት ሥራ አይቼ አላውቅም። አንዲት ነጥብ ትጎድላለች፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ሰሌዳው ላይ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ማንበብ ባልችልም ቀዩን አውቀዋለሁ፤ ቀዩ ሲመጣ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ይወጣል፣ ቢጠሯት አትሰማም። መብራት ሲጠፋ ትሳደባለች። ኔትወርክ ሲጠፋ ላፕቶፑን አቅፋ ከባሕር ዛፉ በላይ ካለው ዳገት ላይ ትወጣለች፤ እዚያ ቆማ እጇን ወደ ሰማይ ስታነሣ ያየ ሰው ምህላ የያዘች ይመስለዋል። አንዳንድ ቀን ከቢሮ እንደገባች "ወደቀ!" ትላለች፤ እኔ ሰው የወደቀ መስሎኝ ብድግ እላለሁ። ዌብሳይቱ ነው። ይወድቃል፣ ታነሣዋለች፣ ይወድቃል። ደግሞ እኮ ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አያመሰግናትም። የሚጽፉላት ሰዎች "የአያቴን ስም አበላሻችሁ"፣ "ማን ሾማችሁ"፣ "ስሜን አውጡልኝ" ነው የሚሉት። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ብቻ መጥታ "ወላሂ፣ ዘር ከመቁጠር ይልቅ ባል ፈልጎ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ እኔም እገባበት ነበረ!" ብላ ታስቀናለች። ባሏ እኮ በሕይወት አለ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በአፌ የተናገርኩትን ሰው ይዞት ይሄዳል፤ ከተሳሳትኩ አስጠርቼ "ኧረ ቆይ፣ ተሳስቼ ነው" እለዋለሁ። እዚያ ውስጥ የገባው ግን እኔ ሳላውቅ ይመልሳል። እኔ በረንዳ ላይ ባቄላ ስፈለፍል፣ ቤይሩት ላለች ልጅ በእኔ ቃል "አግቢ"፣ "አታግቢ" ይላል። ባቄላውን እፈለፍላለሁ፣ ልቤ ግን እዚያ ነው። አሁን ማንን እያጋባ ይሆን? ማንን እያለያየ ይሆን?

ያለፈው ኅዳር የፈራሁት ደረሰ።

ሁለት ልጆች በመስከረም አስቆጥረው ነበረ። ወንዱ የእኛው ቀበሌ ልጅ ነው፤ አባቱ ቅሬ የምንለው የዕድራችን ዳኛ፣ የተከበረ ገበሬ ነው። ሴቷ የከላላ ልጅ ስትሆን ደሴ ትሠራለች። እኔም ቆጠርኩ፣ ዌብሳይቱም ቆጠረ፤ "አይገናኙም" አልን። መረቅኳቸው። ሽማግሌ ሄደ፣ ለጥር ተቀጠረ፣ ጌሾው ተወቀጠ።

በኅዳር ደግሞ ከአቀስታ አንዲት አሮጊት ለገበያ መጥታ እኔ ቤት አረፈች። ስናወራ፣ ወደ ከላላ ተድራ የሄደች አክስት እንደነበረቻቸው ነገረችኝ። እናቴ ስትፈልገው የኖረችው፣ ጠፋ የተባለ ሐረግ ነው! ደስታዬን አልችለው ብዬ የልጅ ልጄን ጠራሁና ያንኑ ቀን አስገባሁት። ሐረጉ ማን ዘንድ እንደሚደርስ አልቆጠርኩም። እኔ፣ ሥራዬ መቁጠር የሆነው፣ አልቆጠርኩም።

በሳምንቱ የሙሽሪት እናት ከከላላ መጣች። ከመኪና ወርዳ አቧራዋን እንኳ አላራገፈችም፤ በራፍ ላይ ቆማ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"እማማ፣ ምን በደልንዎ?"

"ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?"

"በመስከረም አይገናኙም ብለው የመረቁልኝ እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ ነኝ።"

"ይኸው! ልጄ ለሥራ ጓደኞቿ ላሳይ ብላ ብትከፍተው ምን አለ? ያንብቡት!"

"እኔ ማንበብ አልችልም።"

"እንግዲያስ ያቺ የጻፈችው ታንብብልዎ!"

የልጅ ልጄ ስልኩን ተቀብላ አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ። "በአምስተኛ ቤት ይገናኛሉ" ብላ ቀስ አድርጋ አነበበችው።

"ልጄ እህል አልቀመሰችም" አለች እናትየዋ። "ብቅሌ በቅሏል። ድፍን ከላላን ጠርቼ አሁን ምን ልበል? ሙሽራው ወንድምሽ ሆነ ልበላት?"

"ስህተት ይሆናል እትዬ" አለች የልጅ ልጄ። "ሰሞኑን ሰው ጨምሬበት ነበር፤ ያኔ አበላሽቼው ይሆናል። ሦስት ቀን ይስጡኝ፣ ላየው።"

"ሦስት ቀን። የወንዱ ቤት ገና አልሰማም። ሦስት ቀን አፌን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሽማግሎቹን ጠርቼ አፈርሰዋለሁ። የሠራችሁት ነገር ያጋባም እንደሆን ይንገረኝ፣ ያፋታም እንደሆን ይንገረኝ፤ እንዲህ እያደር ቃሉን መለወጥ ግን ምን ይሉታል?"

ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች።

የልጅ ልጄ ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ ተቀመጠች። ስህተቱ የኮዱ እንዲሆን ትለምን ነበረ፤ የኮድ ስህተት ከሆነ ይስተካከላል። አንዱን ሰው ታወጣለች፣ ትመልሳለች፣ ሌላውን ታወጣለች፣ እንደገና ታስቆጥራለች። ያው ነው። ወረቀት አምጥታ በእጇ ሣለችው፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት የአቀስታ እህትማማቾች፤ አንደኛዋ ልጇን ወደ ከላላ ድራለች፣ ከዚያች ዘር ሙሽሪት መጣች። የሌላኛዋ ልጅ ወደዚህ ተድራ መጣች፤ እሷ የአንዲት የወጣትነት ጓደኛዬ እናት ናት። ጓደኛዬ የቅሬ ዳኛውን ወለደች፣ ዳኛው ሙሽራውን።

"እምዬ፣ ዳኛው የማን ልጅ ነው ያልሽኝ?"

"የእሷ" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"የእሷ ነው አልኩሽ እኮ።"

"እንግዲህ ኮዱ ልክ ነው። ልክ ነው ግን ደግሞ... አንቺ በመስከረም ስትቆጥሪ እንዴት አልመጣልሽም? ሐረጉን ስትነግሪኝስ እንዴት አልታወቀሽም? አንቺ እኮ አይጠፋሽም።"

ተነሥቼ እሳቱን ቆሰቆስኩ።

በሁለተኛው ቀን መብላት ተወች። "እኔ ነኝ፤ ያልበሰለ ነገር ለሕዝብ ከፍቼ። ሰርግ አፈረስኩ። አጠፋዋለሁ ዌብሳይቱን፣ ሁለተኛ ኮድ የሚባል ነገር አልጽፍም" እያለች ፀጉሯን ትይዛለች። እኔ ፊት ለፊቷ ምስር እለቅማለሁ። ድንጋዩ የቱ፣ ምስሩ የቱ እንደሆነ አይታየኝም። የምትፈልገው ስህተት በእኔ አፍ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። አውቄ ሦስት ቀን አስፈለግኋት። ይኸን ጻፊው አልኳት፣ እየጻፈችው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ ክፉ ቀን፣ ድርቁ ከላይ አገር ሰውን ሲያወርደው፣ እኔና ጓደኛዬ ገና ወጣት ሚስቶች ነን። የእሷ ባል ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ሥራ ፍለጋ ሄዷል። እሷ ወንድ ልጅ ወልዳ በአሥራ አንድ ቀኑ ሞተባት። ቀበርነው፣ እኔና እሷ ብቻ። ማን አየን? ጎረቤቱ ተበትኗል፤ ሰው በራሱ ሞት ተይዟል። ጡቷ ግን ወተት አላቆመም፣ ሌት ተቀን ታቃስታለች።

አንድ ጠዋት ውኃ ቀድተን ስንመለስ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር አንዲት ሴት ተጋድማለች። ሕፃን ደረቷ ላይ አለ። ጓደኛዬ እንስራዋን አውርዳ ልጁን አነሣችና፣ ማንንም ሳትጠይቅ ጡቷን አጎረሰችው። እኔ ለሴትየዋ በቅል ውኃ አቀመስኳት። "ከየት ነሽ?" አልኳት። በአገጯ ወደ ላይ አመለከተች። ፀሐይ ሳትከር ሞተች።

ባል ሲመለስ ልጁን አገኘ፤ ልጄ ብሎ አቀፈው። ክርስትና ሲነሣ ቄሱ "ይኸ ልጅ ለአርባ ቀን ትልቅ ነው" ብለው ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። ጓደኛዬ በዚያው ቀን እጄን ይዛ አስማለችኝ። ለባሏም፣ ለልጁም፣ ለማንም እንዳልናገር። ማልኩ። እሷም ከሞተች ቆየች።

እንግዲህ ዳኛው ያ ሕፃን ነው፤ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ የጓደኛዬ ዘር አይደለም። ለዚህ ነው ስቆጥር ያልመጣብኝ፤ ሐረጉን ሳስገባም ያልደነገጥኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ስለማልኩ "የእሷ ልጅ" ብዬ አስገብቼዋለሁ። እኔ ያወቅሁት ሌላ፣ የነገርኩት ሌላ። እሱ የነገርኩትን ይዞ ቆጠረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ላፕቶፑን ስትከፍት፣ "ተይው" አልኳት። "ኮድሽ ደህና ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት።" ነገርኳት።

አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበረ። "ሦስት ቀን" አለች። "ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ።"

"ማልኩ እኮ ልጄ።"

"ራሴን ስረግም እየሰማሽ።"

"እየሰማሁ።"

ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስባ "የእናቱን ቦታ ዝም ብዬ ልቁረጠው?" አለችኝ። "አንድ ቁልፍ ነው። ወዲያው 'አይገናኙም' ይላል። ስህተት ነበር፣ አስተካከልኩት እላታለሁ። ማንም አያውቅም።"

አልዋሽም፣ ልቤ ዘሎ ነበረ። እሺ ልላት አፌን ከፍቼ ሁሉ ነበረ። ግን ዳኛው ከእናቱ ከተቆረጠ ልጆቹ፣ ከልጆቹ የሚወለዱት፣ ስንት ሰው አብሮ ይንጠለጠላል፤ ነገ ሌላ ሙሽራ ሲጠይቅ ደግሞ ሌላ ውሸት ይወልዳል። ደግሞም የከላላዋ እናት ያየችውን አይታለች፤ ማነው የቆረጠው ማለቷ አይቀርም። "አይሆንም" አልኩ። "ነጠላዬን አምጪልኝ።"

ዳኛውን አውድማው ላይ አገኘነው፤ ስንዴ እየከመረ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሳቀ።

"እትዬ! ምን እግር ጣለዎ? ጠላው እኮ ገና ነው፤ ሰርጉ በጥር ነው!"

"ሠራተኞቹን ወዲያ በላቸውና ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ነገርኩት። ከከላላዋ እናት ጀምሬ፣ ዌብሳይቱን፣ ኋላ ግንቡ ሥር የነበረችውን። እየሰማኝ ጭድ ይሰባብራል፤ አንዱን ሰብሮ ሲጨርስ ሌላውን ያነሣል። ስጨርስ አልቆመም፣ መስበሩን ቀጠለ።

"አባቴ ያውቅ ነበረ?"

"አያውቅም።"

"ሳያውቅ ሞተ?"

"ሳያውቅ።"

"እሱስ ደግ" አለ። ሌላ ጭድ አንሥቶ "ስሟ ማን ነበረ?" አለኝ።

"የማን?"

"የሷ። የወለደችኝ።"

"አልጠየቅኋትም።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እርስዎ? የአገሩን ሰው ስም የሚያውቁት?"

ከየት ነሽ ብዬ ጠየቅኋት እንጂ ማን ትባያለሽ አላልኳትም። ውኃ ይዤ አጠገቧ ነበርኩ፣ ጊዜ ነበረኝ።

"ከየት ነች ታዲያ?"

"በአገጯ ወደ ላይ፣ ወደ አቀስታ በኩል አሳየችኝ። ምናልባት ወደ አንተ ነው ያሳየችኝ፤ ልጁን ማለቷ ይሆናል። አላውቅም።"

"ሙሽሪትም እኮ ከአቀስታ የመጣ ዘር አላት አሉኝ አሁን። ያቺ ሴትዮ ከነሱ ብትሆንስ?"

"ልትሆን ትችላለች።"

"ኧረ እትዬ!" ብሎ ሳቀ፣ የሳቅ ያልሆነ ሳቅ። "ሊያድኑኝ መጡ ስል ጭራሽ ቀበሩኝ እኮ!" ከዚያ ወደ ልጅ ልጄ ዞረ። "አንቺ፣ እናቴን ከዚያ ከሠራሽው እንዳታወጫት።"

"ጋሼ፣ የእናት ቦታው አንድ ብቻ ነው።"

"ቤት ሲጠብ ምን ይደረጋል? አስፊዋ። የወለደችኝንም አስገቢያት፣ ስሟ ባይኖርም ቦታዋ ይኑር። ለሽማግሎቹ እኔው ራሴ እናገራለሁ፤ እርስዎ አጠገቤ ይቆማሉ።"

ይኸንንም አሁን የማወራው እሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ ስም አትጥሩ እንጂ ተናገሩት ብሎኛል።

ለከላላ ደውሎ ለእሑድ ቀን አስያዘ። የልጅ ልጄ አራት ቀን አላት። ቀዩ ጽሑፍ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። የወለደች የሚል ቦታ፣ ያሳደገች የሚል ቦታ ለያየች። ዓርብ ዕለት ጨረስኩ ብላ ከፈተችው፤ ከረፋድ ጀምሮ ስልኩ አላባራ አለ። ድፍን አገር ዘመድ ሆኗል! ለካ ኮምፒውተሩ ባዶውን ቦታ ሁሉ አንዲት ሴት ናት ብሎ ይዟታል፤ ወላጅ እናቱ ያልተጻፈለት ሁሉ የእሷ ልጅ ሆነ፣ ሁሉም ወንድምና እህት። አንድ ሽማግሌ ደውለው፣

"ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ እህትህ ናት ይለኛል፤ ምን ላድርግ?"

"አባባ፣ እባክዎ እስከ ማታ ይታገሱኝ" አለቻቸው።

"ሠላሳ ዓመት የታገስኩ እስከ ማታ ያቅተኛል ብለሽ ነው?"

ሁለታችንም ሳቅን፣ ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ። ኋላ ግን ግንቡ ሥር ያየኋት ሴት ትዝ አለችኝ፤ እናቱ ያልተጻፈችውን ሁሉ የእሷ ልጅ ሲያደርጉባት። ሳቄ እዚያው ቆመ።

ማታ አስተካከለችው። ባዶው ቦታ ባዶ ሆነ፣ የማንም ያልሆነ። ሦስተኛ መልስም ጨመረችበት። የዳኛውን ልጅና ሙሽሪትን ስታስገባ "አይታወቅም" አለ።

እሑድ ከላላ ሄድን። የሙሽሪት አባት ግቢ ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል፤ ሙሽሪትም ከደሴ መጥታ ከእናቷ ጀርባ ቆማለች፣ ዓይኗ አብጧል። ዳኛው ተነሣና በቅሬ ላይ እንደሚናገረው ቀጥ ብሎ ቆመ። "እኔ ያሳደጉኝ ሰዎች ልጅ አይደለሁም፤ የመንገድ ልጅ ነኝ። ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው። አብረን እንስማው ብዬ መጣሁ" አለ። እኔ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ድምፄ እየተቆራረጠብኝ። ከዚያ የልጅ ልጄ ስልኩን አሳየቻቸው።

አንደኛው ሽማግሌ ተቆጡ። "አይታወቅም ማለት ምንድን ነው? ወይ ይገናኛሉ፣ ወይ አይገናኙም!"

"አባባ፣ የማያውቀውን አውቃለሁ እንዲል አላደርገውም" አለቻቸው።

"ጡቱስ?" አሉ ሌላው። "ጡቷን ከጠባ ልጇ አይደለም ወይ?"

እዚህ ላይ ተቀመጥኩ። ሙሽሪት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች። የሙሽሪት አባት፣ እስከዚያ ድረስ ከአፉ ቃል ያልወጣው ሰውዬ፣ መሬት መሬት እያየ "በዚያ ክፉ ቀን ጡት እንቁጠር ካልን ማን ከማን ያልጠባ አለ?" አለ። "ያቺ ሴት ከእኛ ልትሆን ትችላለች፣ ከሌላም ልትሆን ትችላለች። ስለማይታወቅ ነገር ብዬ የልጄን ሰርግ አላፈርስም። ይኸ ሰው ይኸን ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ከተናገረ፣ እኔ ልጄን ለልጁ እሰጣለሁ።"

ሽማግሎቹ ተያዩ፤ አጉረመረሙም። ኋላ አንዱ መረቀ፣ ሌሎቹ አሜን አሉ። ሁሉም አላሉም።

በጥር ተጋቡ። እኔም ተጠርቼ ሄጄ ነበረ። ዳኛው ከቤተ ዘመዱ መካከል አስቀመጠኝ። የሙሽሪት እናት ግን አልሳመችኝም፤ እስካሁንም አልታረቀችኝም። አልፈርድባትም። ወልደው ሲስሙ ምን ይሆን ብላ ትፈራለች፤ እኔም እፈራለሁ። ልጅቱ ነፍሰ ጡር ናት አሉ።

ዌብሳይቱ አለ። ሰው ይጠይቀዋል፣ ይመልሳል። "አይታወቅም" ሲል የሚሳደቡ አሉ፣ "ዱዓ አድርጉልን" የሚሉም አሉ። የልጅ ልጄ ከዚያ ወዲህ ከቢሮ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ "እምዬ፣ ሌላ አለ?" ትለኛለች፤ እኔ "የለም" እላታለሁ። አሁን ይኸን ስነግራት እጇ ቆመ። ብዕሩን አስቀምጣ ታየኛለች።

እንደ ዳኛው ያሉ፣ ሦስት አሉ። ሁለቱ ሽማግሎች ናቸው፣ ልጆቻቸውንም ድረው ጨርሰዋል። ሦስተኛዋ ግን ሴት ልጇን ለፋሲካ ማግሥት ልትድር ነው፤ ባለፈው ሳምንት ዌብሳይቱ "አይገናኙም" ብሏታል። የወለደቻትን የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ።

"ተነሺ" አልኳት የልጅ ልጄን። "ገበያ ሳትወጣ እንድረስባት። ላፕቶፑንም ያዢው።"